ምጣዱ ይቅደም፦ የካ አባዶ ላይ ኮንዶሚኒየም ገዝተው፣ ማዕድ ቤቱን አድሰው ለሚሸጡ

የካ አባዶ ላይ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝተው፣ አድሰው፣ አትርፈው ለመሸጥ ካሰቡ ከሁሉ በፊት ማዕድ ቤቱን ይዩ። ሳሎንና መኝታ ቤት በቀለምና በመጋረጃ ብዙ ጉድለታቸው ይሸፈናል። ማዕድ ቤት ግን ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ፣ እንፋሎትና ክብደት በጥቂት ካሬ ሜትር ውስጥ የሚገናኙበት ክፍል ነው። ገንዘብዎን የሚበላውም፣ ለቤቱ ዋጋ የሚያወጣለትም እሱ ነው።

አብዛኛው አዳሽ ከካቢኔቱ ቀለም ይጀምራል። ቤቱን የሚገዛው ቤተሰብ ግን እንጀራ ይጋግራል፣ ሽንኩርት ያቁላላል፣ ውሃ በፈረቃ ይጠብቃል። ቤት ለማየት የመጣች እናት ቧንቧውን ከፍታ ካየች በኋላ የምትጠይቀው «ምጣዱ የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ማዕድ ቤት፣ ካቢኔቱ ተራ ቢሆንም እንኳ፣ ከሚያብረቀርቀውና መልስ ከሌለው ይልቅ ቤት ያሸጣል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

የካ አባዶ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከተጀመረው የከተማዋ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ትልልቅ ሳይቶች አንዱ ነው። ቀድሞ በየካ ክፍለ ከተማ ሥር የነበረ ሲሆን አሁን በለሚ ኩራ ሥር ይገኛል። በ20/80 የቁጠባና የብድር ዕቅድ የተላለፉት ቤቶች ለባለዕድለኞች የደረሱት ውስጣቸው ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ስለነበር ሴራሚኩንም፣ ካቢኔቱንም፣ ብዙውን ጊዜ የመብራት ጭማሪውንም እያንዳንዱ ባለቤት እንደ አቅሙ በራሱ ሠራተኛ አሠርቷል። ስለዚህ በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ፎቅ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ከሴራሚኩ በታች ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ጎረቤት ቤት ያዩትን አይተው ይሄኛውንም አውቄዋለሁ አይበሉ።

ሰነዱን በአጭሩ ላንሣው፤ ካልተጣራ ግን እድሳቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የ20/80 ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ቤቱም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር የተያዘ ነው። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የባንኩ ዕዳ መዘጋቱን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን በራስዎ አጣርተው፣ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ይፈጽሙ። በውክልና ብቻ ተገዝቶ ገንዘብ የፈሰሰበት እድሳት የሰው ቤት ማሳመር ሊሆን ይችላል።

ቤቱን ለማየት ሲሄዱ ባትሪ፣ ሜትርና ሳንቲም ይያዙ። የወለሉንና የግድግዳውን ሴራሚክ በሳንቲሙ እየመቱ ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ሲሚንቶ አልያዘም። በሲንኩ ሥር ተንበርክከው የካቢኔቱን ወለል ይዳብሱ፤ ቺፑዱ ካበጠ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲንጠባጠብ ኖሯል። ከዚያ አንድ ደረጃ ወርደው የታችኛውን ጎረቤት በር ያንኳኩ። ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ «ከላይ ውሃ ይወርድብዎታል?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩም ደላላውም የማይነግሩዎትን እኚህ ሰው ይነግሩዎታል፤ ጣሪያቸውንም ያሳዩዎታል።

ገንዘቡና ፈቃዱ

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ሴራሚክ፣ የመብራት ገመድ፣ ቧንቧና የካቢኔት ማጠፊያ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ባለፈው ዓመት ያደሰ ወዳጅዎ የሚነግርዎትን ዋጋ ይዘው ሒሳብ አይሥሩ። መርካቶና ሃያ ሁለት አካባቢ ካሉ ሱቆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ፕሮፎርማ ሰብስበው፣ ከጠቅላላው ቢያንስ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ። ግድግዳ ሲከፈት የሚገኘውን ማንም አያውቀውም።

ሠራተኛ ሲይዙ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይሁኑ፤ ዕቃውን ራስዎ ይግዙ። ክፍያውን በሥራው ደረጃ ይከፋፍሉት፦ ቧንቧና መብራት ተዘርግቶ ሲፈተሽ፣ ሴራሚኩ ሲያልቅ፣ በመጨረሻም ሁሉም ነገር በርቶና ፈስሶ ሲታይ። ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ የሚያወጣ፣ ፍርስራሽ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ዋጋም በሒሳቡ ይግባ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የእርስዎ የሆነው የቤትዎ ውስጥ ነው። አምዱ፣ የፎቁ ወለል፣ የውጭ ግድግዳው፣ ቧንቧዎች ከላይ እስከ ታች የሚወርዱበት ሻፍት የሁሉም ባለቤቶች ናቸው። በመሆኑም ከመጀመርዎ በፊት የብሎኩን ማኅበር ኮሚቴ አግኝተው ሥራውን ያሳውቁ፣ በመዶሻ ሰዓት ላይ ይስማሙ። ግድግዳ ለማንሣት ወይም ውጭውን ለመብሳት ካሰቡ ወደ ወረዳው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ግራ ቀኙን ሳይጠይቁ የሚጀመር እድሳት በሁለተኛው ቀን ይቆማል።

ልኬቱ ከምጣዱ ይነሣ

ወረቀት ላይ የማዕድ ቤቱን ልክ ይንደፉ፤ በር፣ መስኮት፣ ሻፍት፣ የፍሳሽ መውረጃ የት እንዳሉ በሴንቲሜትር ያስፍሩ። ከዚያ መጀመሪያ የሚሥሉት ምጣዱን ይሁን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴ.ሜ. ገደማ ነው፤ ከነአካሉና ከነመክደኛው 70 በ70 ሴ.ሜ. ቦታ ይስጡት። ቁመቱ ደግሞ ብዙዎች የሚስቱት ነገር ነው። የካቢኔት ከፍታ ከ85 እስከ 90 ሴ.ሜ. ነው። በዚያ ላይ ምጣድ ሲጫን የሚጋገርበት ገጽ ከ1 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሊጥ የምታዞር ሴት ክንዷን ወደ ትከሻዋ አንሥታ ሃያና ሠላሳ እንጀራ ልትጋግር አትችልም። የምጣዱ መደብ ከ60 እስከ 65 ሴ.ሜ. ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከብረት ተበይዶ ወይም በብሎኬት ተገንብቶ። ከሥሩ ለሊጥ ባልዲ የሚሆን ክፍት ቦታ ይተው። በላዩ የተንጠለጠለ ካቢኔት አይኑር፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ኤምዲኤፍ ያሳብጣል።

ማዕድ ቤቱ 1.8 በ2.4 ሜትር ከሆነ በአንድ ወገን 60 ሴ.ሜ. ካቢኔት ሲደረግ 1.2 ሜትር መንቀሳቀሻ ይቀራል። በሁለቱም ወገን ከተደረገ ግን 60 ሴ.ሜ. ብቻ ይተርፋል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ መሳቢያ መክፈት አይችልም። እንዲህ ጠባብ ሲሆን ምጣዱን ወደ በረንዳ ማውጣት ይሻላል፤ ብዙ ነዋሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያኔ በረንዳው ላይ ዝናብ የማያገኘው፣ ክዳን ያለው ሶኬትና ትንሽ ጥላ ይሠራለት። ብሎኩ ለጋራ መጋገሪያ የተሠራ ቤት ካለውና አሁንም የሚሠራ ከሆነ ለገዢው ይንገሩት፤ ነገር ግን በእሱ ተማምነው የምጣድ ቦታ አያስቀሩ።

ማፍረስ፣ ውሃና ፍሳሽ

ከማፍረስዎ በፊት ውሃውን ከቆጣሪው፣ መብራቱን ከዋናው ብሬከር ያጥፉ። የአሮጌውን ቧንቧ መስመር ፎቶ ያንሡ። የወለሉን ሴራሚክ ሲያነሡ ድጅኖ አይጠቀሙ፤ ከሥር ያለው የፎቁ ወለል ነው፣ በአንዳንዶቹ ብሎኮችም በፕሪካስት ቢምና በብሎኬት የተሠራ ስለሆነ ከልክ በላይ የተመታ ቦታ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ ይሰነጥቃል። ፍርስራሹ በጆንያ ይውረድ። ወደ ሻፍቱ የሚጣል ፍርስራሽ የመላውን መስመር ቧንቧ ሊሰብር ይችላል፤ ለቀን ሠራተኞቹ ይህን በግልጽ ይንገሯቸው።

አሮጌው የውሃ መስመር የብረት ከሆነ ሁሉንም አውጥተው በፒፒአር የፕላስቲክ ቧንቧ ይተኩት። ግማሹን ትቶ ግማሹን መቀየር ቁጠባ ይመስላል፤ የዛገው ግማሽ ግን አዲሱ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ይፈነዳል። ለማዕድ ቤቱ ብቻ የሚዘጋ ቫልቭ እጅ በሚደርስበት ቦታ ያስገቡ። አዲሱ መስመር ሳይለሰን በግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ይሞከር፤ መሞከሪያ የሌለው ባለሙያ ከሆነ ቢያንስ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሙሉ ሌሊት ተሞልቶ ይደር።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ማጠራቀሚያ የሌለው ማዕድ ቤት ግማሽ ማዕድ ቤት ነው። ሮቶ ሲያስቀምጡ ክብደቱን ያስቡ፦ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው፤ የ500 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን ይሆናል። ይህን ወደ ውጭ በተንጠለጠለ በረንዳ ጫፍ ላይ መጫን አደጋ ነው። በአምድና በቢም አጠገብ፣ በግድግዳ ሥር ይሁን፤ 200 ወይም 300 ሊትር ለማዕድ ቤት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፓምፕ ካስገቡ ከሮቶው ይሳብ፤ በቀጥታ ከከተማው መስመር የሚስብ ፓምፕ ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፣ የጎረቤትንም ውሃ ይቀማል።

ፍሳሹ ላይ ለአፍታ እንቆይ፤ የኮንዶሚኒየም ጠብ ምንጩ እሱ ነውና። ከሲንክ እስከ ሻፍት የሚሄደው ቧንቧ 50 ሚ.ሜ. ይሁን፤ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴ.ሜ. ይዝቀጥ። ሲፎኑ ውሃ የሚይዝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሻፍቱን ሽታና በረሮ የሚያግደው ያ ጥቂት ውሃ ነው። ቧንቧው ሻፍቱ ውስጥ የሚገባበት ክፍተት በሲሚንቶ ይደፈን። የእኛ ማዕድ ቤት ፍሳሽ ቅቤ፣ ዘይትና የቡና አተላ ያለበት ነው። ቅቤ በቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ይረጋል፤ አተላው ይጣበቅበታል። ስለዚህ መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ የሚከፈት መጥረጊያ ክዳን ይኑረው፣ ሲንኩም ላይ ጥቅጥቅ ያለ ማጥለያ ይደረግ።

መብራት

እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። 3.75 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፔር ይወስዳል። በተለመደው 2.5 ካሬ ሚ.ሜ. ገመድ ላይ ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር ተጋርቶ ለሰዓታት ሲጋገርበት ገመዱ ይግላል፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ ሲጠቁርና ሲቀልጥ ያላየ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጥቂት ነው። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ ሌላ ምንም ሳይጋራው የሚመጣ የ4 ካሬ ሚ.ሜ. ገመድ ይሳብ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ 6 ይሁን። የራሱ 25 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ለምድጃውም ሌላ መስመር።

ቀጥሎ ጠቅላላውን ይደምሩ። ምጣድ 3.75፣ ምድጃ 2፣ ቦይለር 1.5 ኪሎዋት ቢሆኑና በአንድ ጊዜ ቢበሩ 7.25 ኪሎዋት፣ ማለትም ወደ 33 አምፔር ይሆናል። የቆጣሪዎ ዋና ብሬከር ከዚህ ያነሰ ከሆነ በእሑድ ጠዋት ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። ወይ አቅም እንዲጨመር ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ፣ ወይ ምጣድና ቦይለር አብረው እንዳይበሩ የሚያደርግ መቀያየሪያ ያስገጥሙ።

ኧርዝ የሌለው ሶኬት ምጣድ አጠገብ አይተው። የምጣዱ አካል ብረት ነው፣ የጋጋሪዋ እጅ እርጥብ ነው። በኧርዙ ላይ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ብሬከር ይጨመርበት፤ የሚያተርፈው ነፍስ ነው። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ገመዱ የተዘረጋበትን ሁሉ ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሡ።

ግድግዳ፣ ሴራሚክና ካቢኔት

የላይኛውን ካቢኔት ከማዘዝዎ በፊት ግድግዳው ምን እንደሆነ ይለዩ። በኮንዶሚኒየሞቹ ውስጥ ክፍል ለመክፈል አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ሰሌዳ በብዛት ጥቅም ላይ ውሏል። በጣት ሲያንኳኩት እንደ ሣጥን ይጮኻል። እርጥበት አይስማማውም፣ ተራ ፊሸር ላይ የተንጠለጠለ ካቢኔትም አይሸከምም። እንዲህ ከሆነ ሰሌዳውን በስቶ በሌላው ወገን በብረት ሳህን የሚታሰር ብሎን ያስገቡ፣ ወይም የላይኛውን ካቢኔት ትተው ወለል ላይ የቆመ ረጅም ቁም ሣጥን ያሠሩ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የጠባብ ክፍል ራስጌ ክፍት ሲሆን ብርሃንም ይገባል።

የወለል ሴራሚክ የማያንሸራትት፣ ያልተወለወለ ይሁን። ስፋቱን አስልተው 10 በመቶ ይጨምሩ፦ 1.8 በ2.4 ሜትር 4.32 ካሬ ሜትር ነው፣ 4.75 ይግዙ። ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ይኑራቸው፤ በኋላ ተጨማሪ ሲገዛ ቀለሙ አይገጥምም። ከምድጃውና ከምጣዱ ጀርባ ሴራሚኩ እስከ ጣሪያ ይውጣ፤ ሌላው ቦታ ከካቢኔቱ በላይ 60 ሴ.ሜ. ይበቃዋል። በመካከል የሚሞላው ግራውት ነጭ አይሁን። በርበሬና እርድ ነጭ ግራውትን በአንድ ወር ያበላሹታል፤ ግራጫ ይምረጡ።

የካቢኔቱ ልክ የሚወሰደው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነው። አስቀድሞ የታዘዘ ካቢኔት በ2 ሴ.ሜ. ይጠባል ወይም ይሰፋል፣ ባለሙያዎቹም እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ከወለል 10 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ በፕላስቲክ እግር ይቁም። የሲንኩ ሥር ያለው ክፍል እርጥበት በሚቋቋም ሰሌዳ ይሠራ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ይሸፈን። ማጠፊያው ከበሩ ቀለም ይልቅ ገንዘብ ይገባዋል፤ ገዢ መጀመሪያ ከፍቶ የሚዘጋው በሩን ነው።

ለካቢኔቱ ቶፕ እብነ በረድ የሚያምር ቢሆንም ለእኛ ማዕድ ቤት አልመክረውም። እብነ በረድ አሲድ ባገኘው ቦታ ማብረቅረቁ ይጠፋል፤ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ የፈሰሰ የእንጀራ ሊጥና እርሾ ሁሉ አሲድ ናቸው። ግራናይት ይህን ሁሉ ይችላል፣ ትኩስ ድስትም ይቀበላል። ገንዘብ ካጠረ ቶፑን በግራናይት አድርገው የካቢኔት በሮቹን ቀላል ያድርጉ፤ ከቶ በተቃራኒው አይሁን።

ጭስና እንፋሎት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላውም ሥጋውም ቆላ ካለው ይልቅ ረጅም ሰዓት ይበስላል፤ እንፋሎቱም በዚያው ልክ ይበዛል። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ይሁን። ማራገቢያ ካስገጠሙ የቁሌቱን ጢስ በቀጥታ ወደ ውጭ ያውጣ እንጂ ወደ ሻፍቱ አይልቀቅ፤ አለበለዚያ ጎረቤትዎ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይወጣል። ቡታጋዝ ለሚጠቀም ቤተሰብ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት፣ ከታች በኩል አየር የሚገባውና የሚወጣው፣ ሶኬት የሌለበት ቦታ ያዘጋጁ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ወለል ላይ ይተኛል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ በሌለው መርዝ ይገድላልና ለቡና ምድጃ የሚሆን ቦታም በረንዳው አጠገብ ያስቡ።

ፍተሻና ሽያጭ

ለገዢ ከማሳየትዎ በፊት ቤቱን እንደ ነዋሪ ይጠቀሙበት። ሲንኩን ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፣ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፈው ጠብታ ይፈልጉ። የወለሉን መውረጃ ደፍነው ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ያቁሩና 24 ሰዓት ይቆይ፤ በማግሥቱ ወደ ታችኛው ጎረቤት ወርደው ጣሪያቸውን ይዩ። ከዚያ ምጣዱን፣ ምድጃውንና ቦይለሩን አብርተው እንጀራ ያስጋግሩ። አንድ ሰዓት ሲሞላ የምጣዱን መሰኪያ በጥንቃቄ ይዳብሱ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑ ይመለስ።

በአንድ ፎልደር ውስጥ የቧንቧውንና የገመዱን ፎቶዎች፣ የትኛው ብሬከር ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ዝርዝር፣ የቫልቭ ቦታዎችን፣ የተረፈውን ሴራሚክ ቁጥርና ደረሰኞቹን አዘጋጅተው ለገዢው ያሳዩ። ከግድግዳው ጀርባ ያለውን በፎቶ ያየ ገዢ «ዋጋውን ለምን ጨመራችሁ?» ብሎ ሲከራከር ብዙ አይቆይም።

የደረሰኞቹን ዋና ቅጂ ግን ራስዎ ይያዙ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ቤት ሲሸጥ በሚገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ባለቤቱ ከሽያጩ በፊት ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያው ያደረገውን ቤት ደግሞ ከዚሁ ነፃ አድርጎ ነበር። አድሶ ወዲያው የሚሸጥ ሰው በዚህ ነፃነት አይጠቀምም። የወቅቱን ተመን ውል ከመፈራረምዎ በፊት ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፣ ለእድሳቱ ያወጡትንም በወጪነት ለማስያዝ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት ደረሰኝ ከመጀመሪያው ካርቶን ሴራሚክ ጀምሮ ይቀበሉ። የእጅ ዋጋውንም የከፈሉበት ስምምነት በጽሑፍና በፊርማ ይሁን፤ በቃል የተከፈለ ገንዘብ በግብር ሰብሳቢው ፊት እንዳልተከፈለ ነው የሚቆጠረው።